ሰሎሜ ሳትሳፈር ይድረስሽ

ለውድ እህቴ ለእትዬ ኮኪ፣ አሰላ፤

እትዬ፣ እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? ክረምቱን ሙሉ ደረጃ መውጣት አቃተኝ ስትይኝ ነበር፤ ፀሐይ ሲያገኘው ተፍታታልሽ ወይስ ያው ነው? ጋሼስ ሳላቸው ለቀቃቸው? ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከጓሮ አይወጡም ብለሽኛል፤ ጎመኑ ደረሰ ወይ? ልጅሽ ሰሎሜስ? ከባሏ ከተለያየች ወዲህ ፊቷ መለስ አለ? እህልስ ይገባላታል? የልጅ ልጅሽ ሮዳስ ስንት ጥርስ አወጣች? ባለፈው በስልክ የነከሰችሽን ስትነግሪኝ አራት ብለሽኝ ነበር፣ አሁን አፏ ሞልቷል ብዬ ነው። እኔና ልጄ ብሥራት ደህና ነን። ደህና ነን ስልሽ አልታመምንም ማለቴ ነው፤ የቀረውን ከታች ታነቢዋለሽ።

ባለፈው ሳምንት ደውለሽ ሰሎሜ ሻንጣዋን ጨርሳለች፣ የፊታችን ሐሙስ ልጇን ይዛ ወደ እኔ ትሳፈራለች ስትይኝ ዝም ያልኩት መስመር ተቋርጦ አይደለም። ምላሴ ነው የተሳሰረው። ከዚያ ወዲህ ልነግርሽ ሁለቴ ደውዬ ሁለቴም ስለ በርበሬ ዋጋ አውርቼሽ ዘጋሁ። በስልክ ብነግርሽ አንቺ ምነው ምነው ትያለሽ፣ እኔ አለቅሳለሁ፣ ከዚያ አበልጄ አሰግድ ይደውልና በዚያ ማር በሆነ አፉ ያረጋጋሻል። ወረቀትን ግን ደውሎ የሚያረጋጋው የለም። ስለዚህ ነው ስድስተኛ ክፍል ላይ በተውኩት እጅ ጽሑፍ የምጨቀጭቅሽ። የሰፈራችን ነጋዴ አበበች ነገ ሰኞ ወደ አዳማ ስለምትሄድ፣ አሰላ ላይ ወርዳ በእጅሽ እንድታደርስልኝ አደራ ብያታለሁ። እባክሽ እትዬ፣ እስከ መጨረሻው ሳታነቢው ልጅቷ መኪና ላይ እንዳትወጣ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። የአሰግድን ፋብሪካ በወሬ እንጂ በዓይንሽ አላየሽውም። ከሞያሌ ከተማ ወጣ ብሎ ሄሉ ወደሚባለው ሰፈር በኩል ነው፤ ከአገራችን የሚመጣውን ቦሎቄ አበጥረን፣ ለቅመን፣ አሽገን ወደ ውጭ አገር ይላካል። ማበጠሪያው ማሽን ከተነሳ አቧራው አያድርስ ነው። ስልሳ የምንሆን ሴቶች በረጃጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን ጠጠሩንና የነቀዘውን ስንለቅም እንውላለን። ልጅ ያላቸው አሥራ ዘጠኝ ናቸው። ቤት የሚተውለት ሰው ያላት ትተዋለች፣ የሌላት ይዛው ትመጣና ከእግሯ ሥር ታስተኛዋለች። ከኦቦ ገጠር የመጣች ደሚቱ የምትባል ቦረና አለች፣ ዓመት ያልሞላው ጎልቻ የሚባል ወንድ ልጅ አላት። የብስኩት ካርቶን ለምና አምጥታ፣ ውስጡ ጨርቅ አንጥፋ፣ ጠረጴዛው ሥር ታስቀምጠው ነበር። ሲነቃ አንዷ በእግሯ ካርቶኑን ወዝወዝ ታደርገዋለች። ካቦው ዋርዮም ያያል፣ ግን እንዳላየ ያልፋል። ክፉ ሰው አይደለም፣ እሱም አባት ነው።

በጥር ወር መጀመሪያ አሰግድ ቢሮው አስጠራኝ። ቦሎቄውን የሚገዙት ፈረንጆች ሠራተኛው በወጉ ካልተያዘ አንገዛም እንዳሉት ነገረኝ። የሕፃናት ማቆያ ክፍል ይከፈታል፣ ለአቧራው በየቀኑ ወተት ይሰጣል፣ የመድኃኒት ሣጥን ግድግዳ ላይ ይሰቀላል አለኝ። አቧራ የሚውጥ ሰው ወተት ካልጠጣ ደረቱ አይጠራም ስንል የኖርነውን ሰምቶን ነው ብዬ ደስ አለኝ። ደግሞ እኔን ነው የጠራኝ። አበልጄ፣ አንቺ የሴቶቹን ኦሮምኛም የኬንያዎቹን ስዋሂሊም ታውቂያለሽ፣ ክፍሉን አንቺ አሰናጂው፣ ኃላፊውም አንቺ ሁኚ፣ ብሎ ቁልፉን በእጄ ሰጠኝ። እትዬ፣ ያን ቁልፍ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ነው የሰነበትኩት።

ለአንቺም የደወልኩልሽ ያኔ ነው፣ ታስታውሺዋለሽ። ሰሎሜ ትምጣ፣ ልጅ ማቆያ ተከፈተልን፣ እሷ ስትለቅም ሮዳስን እኔ ብቅ እያልኩ አያታለሁ ብዬ ስፎክርብሽ።

ፍራሾቹን እኔ ሰፋሁ። ለአልጋዬ ልብስ ብዬ ያስቀመጥኩት ሰማያዊ ጨርቅ ነበረኝ፤ ለሁለቱ መስኮት ሁለት መጋረጃ አወጣሁበትና ጠርዙን በነጭ ክር ዘመዘምኩት። ሴቶቹ እየመጡ በበሩ ያዩና ይሳሳቃሉ። ሜርሲ የምትባል የኬንያ ሴት አለች፣ ምላሷ ምላጭ ነው፣ ማማ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ እንግዳ ሊመጣ ነው እንዴ፣ አለችኝ። የእኛ ሰውዬ ለራሱ ጫማ እንኳ ቀለም የማይገዛ ሰው ነው ብላ ሁሉንም አሳቀቻቸው። እኔ ተቆጣሁ። ተቆጥቼም ዝም ብል ጥሩ ነበር፣ ማልኩ እንጂ። ልጄን ክርስትና ያነሳ ሰው አይዋሸኝም፣ በብሥራት ክርስትና ይዣችኋለሁ፣ ይህ ክፍል የልጆቻችሁ ነው አልኳቸው። ቦረናዎቹ መሐላችንን ባያውቁትም ሰው በልጁ ሲምል ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ። ደሚቱ እጄን ስማኝ፣ የዚያኑ ቀን ካርቶኗን ቀድዳ ለእሳት ማቀጣጠያ አደረገችው።

እንግዶቹ ማክሰኞ ቀን መጡ፤ ሁለት ፈረንጅ ሴቶችና ከናይሮቢ የመጣ አስተርጓሚ። አቤት የዚያን ቀን ወተት። ከኦቦ በጄሪካን የመጣ የላም ወተት በየኩባያው ተቀዳልን። ልጆቹ ታጥበው ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ጎልቻ እዚያው እንቅልፍ ወሰደውና አንደኛዋ ሴትዮ በስልኳ ፎቶ አነሳችው። ከዚያ ደሚቱን አስጠርታ፣ ይህ ክፍል ከመከፈቱ በፊት ልጅሽን የት ታደርጊው ነበር ብላ ጠየቀች። አስተርጓሚው በስዋሂሊ ነገረኝ፣ እኔ በኦሮምኛ ለደሚቱ ነገርኳት። ደሚቱ ሳታፍር ካርቶን ውስጥ፣ ጠረጴዛው ሥር አለች። አሰግድ አጠገቤ ቆሟል። ፈገግ ብሎ አየኝ ብቻ። እኔም፣ ልጁ ቤት ነበር፣ አያቱ ትይዝላት ነበር ብዬ አስተረጎምኩ።

ይኸውልሽ እትዬ። ማንም አላስገደደኝም። በልቤ ምን ችግር አለው፣ ካርቶኑ እንደሆነ ተቃጥሏል፣ ከዛሬ ጀምሮ ልጁ ፍራሽ ላይ ነው፣ የሰውዬውን ገበና ለምን አወጣለሁ አልኩ። ደሚቱ ስዋሂሊ ስለማትሰማ አላወቀችም። ሜርሲ ግን ከኋላዬ ነበረች፣ ሰምታለች።

ሐሙስ እንግዶቹ ሄዱ። ሰኞ ጠዋት ስንመጣ የማቆያው ክፍል ቁልፍ ተቀይሯል፤ አንገቴ ላይ ያለው አይከፍትም። ዘበኛውን አዳንን ብጠይቀው ፍራሾቹ ቅዳሜ ተጭነው ሄዱ፣ አንቺ ሳታውቂ ነው እንዴ አለኝ። በመስኮቱ ጥግ አጮልቄ ባይ ክፍሉ እስከ ጣሪያው የቦሎቄ ጆንያ ተደርድሮበታል። መጋረጃዎቼ ግን እንደተሰቀሉ ናቸው። ከውጭ ለሚያይ ሰው ልጆች የተኙበት ይመስላል።

እሱ ብቻ ቢሆን ደግሞ ደግ ነበር፣ ወደ ካርቶኑ እንመለስ ነበር። ግን የዚያኑ ቀን ግድግዳው ላይ በትልቁ ተጽፎ ተለጠፈ፤ ፋብሪካው የሕፃናት ማቆያ ስላለው ወደ ለቀማው አዳራሽ ልጅ ይዞ መግባት ክልክል ነው ይላል። እንግዶቹ ናቸው ያዘዙት፣ ለልጆቹ ደረት አስበው። አየሽልኝ? ማቆያው የለም፣ ክልከላው ግን አለ። ዋርዮ አዳራሹ በር ላይ ቆሞ ዓይን ዓይናችንን ላለማየት ወረቀቱን እያየ ልጅ የያዛችሁ አትግቡ አለ። ሌሎቹ ወደ ጎረቤት ወደ ዘመድ ሮጡ። ደሚቱ ዘመዷ ኦቦ ነው ያለው። ጎልቻን አዝላ በር ላይ እስከ ቀትር ቆማ ዋለች፣ ከዚያ ሄደች። እኔ በውስጥ ተቀምጬ ቦሎቄ እለቅማለሁ። ስትሄድ ጀርባዋን አየሁት፣ ግን አልተነሳሁም።

ያ ሳምንት ሳያልቅ አሰግድ ዘንድ ገባሁ። ሻይ አስመጣልኝ። ጠረጴዛው ላይ የጎልቻን ፎቶ በፍሬም አድርጎ አስቀምጦታል፤ ሰማያዊው መጋረጃ ሥር አፉን ከፍቶ የተኛውን። ምነው አበልጄ አልኩት። አልተቆጣም፣ እሱ መች ይቆጣል። ደስታነሽ፣ ለእንግዳ የሚነጠፍ ምንጣፍ በየቀኑ አይረገጥም አለኝ። ለሞግዚት የሚከፈል ቢኖረኝ አልጠላም፣ አሁን ግን ጆንያ ማስቀመጫ ጠበበኝ፣ ይደርሳል አለኝ። ወተቱስ ስለው፣ ጾም እየገባ አይደል ብሎ ሳቀ። ለእኛ ጾም ነው፣ ለእነ ደሚቱ ምን ሊባል ነው? የመድኃኒት ሣጥኑም ተሰቅሏል፣ ቁልፉ ግን የሚውለው እሱ ኪስ ውስጥ ነው፤ እሱ ደግሞ የወሩን ግማሽ ናይሮቢ ነው። ዋሪቱ የምትባል ሠራተኛ ጣቷን ማሽኑ የቆረጣት ጊዜ በሻሿ አስረን ነው በቦዳ ቦዳ ሞተር ሳይክል ሐኪም ቤት የላክናት።

ልነሳ ስል፣ ስለ ሰሎሜ አትጨነቂ፣ ቦታ ይዤላታለሁ፣ ለእትዬ ኮኪም ራሴ ደውዬ ነግሬያታለሁ፣ የልጇንም ነገር አታስቢ፣ ማቆያ አለን ብያታለሁ አለኝ። ፊት ለፊቴ ተቀምጦ። ያኔ ነው የገባኝ። ምሎ የዋሸ ሰው እሱ አይደለም፣ እኔ ነኝ፤ እሱ እኔን ነው ያስማለኝ። አሁን ደግሞ በእህቴ ልጅ አፌን ሊለጉመኝ ነው።

እትዬ፣ አልወቅስሽም፣ ግን ታስታውሺ እንደሆነ፣ ባሌ በሞተ ዓመት፣ ባዳ አገር ላይ የሥጋ ዘመድ ከሌለሽ በክርስትና ዝመጂ ያልሽኝ አንቺ ነሽ። አሰግድ ያኔ አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረችው። ብሥራትን በአርባ ቀኑ ታቅፎ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ የቆመበት ቀን ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። ባዳ ቢያታልለኝ ነግሬሽ እንስቅበት ነበር። የእሱ ግን ከሆዴ አልወጣም አለኝ። ብሥራት ለፋሲካ ክርስትና አባቴ ጋ እሄዳለሁ እያለ ነው፣ ምን ልበለው? ክርስትና እንደ ብድር ዕቃ አይመለስ።

ደሚቱን ያለችበት ቤት ሄጄ አየኋት። ሰው ቤት ልብስ እያጠበች ነው የምታድረው፤ ልጁን ወንበር እግር ላይ በሻሽ አስራ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አዮ፣ እናቴ ማለቷ ነው፣ አንቺ ምን ታደርጊ ነበር፣ ያንቺ አይደለም ብላ ሻይ አፈላችልኝ። ያንን የካርቶኑን ነገር ነገርኳት። የተናገርሽውን ለውጬ ነው ያስተረጎምኩት አልኳት። ስኒዋን አስቀመጠች። ከዚያ፣ እኔ እኮ የተናገርኩት እንዲያዝኑልኝ ብዬ አልነበረም፣ እውነት ስለሆነ ነው አለችኝ። በፋብሪካም ስሜ ተቀይሯል። ሜርሲ ማማ ፓዚያ ብላኛለች፣ የመጋረጃዋ እናት ማለት ነው፤ አሁን ሁሉም በዚሁ ይጠሩኛል። መጀመሪያ አንገቴን እደፋ ነበር፣ አሁን አቤት ማለት ጀምሬያለሁ።

እንግዶቹ ከፋሲካ በኋላ ተመልሰው ይመጣሉ። ባለፈው ዓርብ አሰግድ በዋርዮ በኩል፣ መጋረጃዎቹ አቧራ ጠጥተዋል፣ ደስታነሽ አውርዳ ትጠባቸው ብሎ ላከብኝ። ዋርዮ ሲከፍትልኝ አወረድኳቸው። አጠብኳቸው፣ ተኮስኳቸው፣ ግን አልሰቀልኳቸውም። ጨርቁ የእኔ ነው። አሁን በመስኮቱ ጆንያው ለአላፊ አግዳሚው ይታያል። ዋርዮ የት አደረግሻቸው ሲለኝ አልደረቁም አልኩት። በዚህ ፀሐይ አለኝና ሳቀ፣ አልፎኝም ሄደ። ሴትዮዋ መጥታ እኔን ለማስተርጎም ካቆሙኝ፣ ያን ቀን የዋጥኩትን ካርቶን እነግራታለሁ። ደሚቱም አብራኝ ትቆማለች፣ ተነጋግረናል። ከዚያ ወዲያ እዚያ ሥራ እንደማይኖረኝ አውቃለሁ፤ ለቀማ የለመደ እጅ ሌላም አያጣም። ሰሎሜ እዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጣ ብትለቅም ግን አፌ አይከፈትም፤ ራሴን አውቀዋለሁ። ስለዚህም ነው አትምጣ የምልሽ፣ ለሮዳስ ብቻ ብዬ አይደለም፣ ለእኔም ነው። ጥር ላይ የነገርኩሽን ሁሉ መልሺልኝ፣ እንዳልተባለ ቁጠሪው።

ለጋሼ፣ ጉልበታቸውን ስሜ፣ ሰላም በይልኝ፣ ጓሮ ሲውሉ አንገታቸውን በፎጣ ይሸፍኑ። ለጎረቤትሽ ለወይዘሮዋ፣ ብሥራት እሷ የላከችለትን ሹራብ እዚህ ሙቀት ውስጥም አላወልቅም ብሎ እንዳስቸገረኝ ንገሪልኝ። ለሰሎሜ፣ አክስትሽ ከፋች ብላ እንዳትቀየመኝ፤ ከተቀየመችም ቤቷ ሆና ትቀየመኝ። አንቺ ደግሞ ጉልበትሽን ሰናፍጭ መቀባቱን ተይ፣ ቆዳሽን ነው የምትልጪው።

ከደብዳቤው ጋር አበበች የያዘችው ሰማያዊ ጨርቅ አንደኛው መጋረጃ ነው። ሌላኛውን ለደሚቱ ሰጥቻታለሁ፣ ትናንት ጎልቻን አዝላበት አየኋት። ይኼኛው የሮዳስ ነው፣ ማዘያ አድርጉላት፤ ጠርዙ በደንብ የተሰፋ ስለሆነ አይተረተርም።

እህትሽ ደስታነሽ
ሞያሌ፣ ኬንያ
እሑድ መጋቢት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.