መድኃኒቴን ለምን አቋረጥሁ

አንተዬ፣

ከተለየኸኝ ወዲህ ሙት ዓመትህ አልፎ ሌላ ክረምት ገባ። ሰው ደህንነቴን ሲጠይቀኝ «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። ለአንተ ግን እውነቱን ልንገርህ፤ ደህና አልነበርሁም።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። የእንጅባራ ዝናብ ያው እንደምታውቀው ነው። የጓሮው አጥር ወድቆ በአዲስ ቀርከሃ አሳጠርሁት። ልጃችን ባሕር ዳር ሥራ ይዟል፤ ከእኔ ጋር ኑሪ ቢለኝ እምቢ አልሁት። ሸሚዞችህን ሰጥቼው አጠሩት፤ ቁመቱን ከእኔ ወገን መውሰዱን አሁን አመንህልኝ? መጻሕፍትህን የትምህርት ክፍልህ ሰዎች በመኪና መጥተው ወሰዷቸው። መደርደሪያው ባዶውን ሲያፈጥብኝ ጊዜ ሳህን ደረደርሁበት። ለአንድ ሰው ይህ ሁሉ ሳህን ምን ያደርጋል እንዳትለኝ፤ እኔም እያየሁት እሱኑ ነው የምለው።

ሰው አንተን ሲያነሳ ፕሮፌሰርነትህን ነው የሚያነሳው። ለእኔ ግን ዳንግላ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነጭ ጋዋን ለብሰህ እንደቆምህ ነህ። ሳል ይዞኝ ብመጣ፣ ሽሮፑን ከምግብ በፊት ነው በኋላ፣ በየትኛው ማንኪያ፣ እያልህ ስታብራራ ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው አጉረመረመ። እኔ ያኔ ስለ ሳሌ የተጨነቅህ መስሎኝ ነበር። ለሁሉም እንደዚያው መሆንህን ያወቅሁት ከተጋባን በኋላ ነው።

መንገድህን ያስለወጠህ የእናትህ ነገር ነበር። እዚያው አገራቸው አዘና ሆነው የግፊት ኪኒን በቀን ሦስት ጊዜ ዋጡ ተባሉ። ጊዜው ሁዳዴ ነው። እናትህ ደግሞ ጾም የሚገድፉ ሴት አልነበሩም፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይተው ሦስቱንም ባንዴ ዋጧቸውና ራሳቸውን ስተው ወደቁ። እግዚአብሔር አተረፋቸው። አንተ ግን ያን ሰሞን እንቅልፍ አጣህ። ኪኒኑን የሰጣቸው ሰው ስማቸውንና ዕድሜያቸውን ጠይቆ፣ ይጾሙ እንደሆነ አለመጠየቁ ከነከነህ። እናትህ የተባሉትን ሁሉ ፈጽመዋል፤ ሦስት ተብለው ሦስት ነው የዋጡት።

ከዚያ በኋላ ትምህርት ላይ ትምህርት ደራረብህ። ባልደረቦችህ በቤተ ሙከራ ቅጠልና ሥር ሲፈጩ፣ አንተ በዘንገና መንደር ሰው ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጠህ በእናትህ ቋንቋ በአዊኛ ትጠይቃለህ። መድኃኒትዎን ይውጣሉ ወይ ብለህ አትጀምርም፤ ትናንት መቼ በሉ፣ ከማን ጋር በሉ ትላለህ። ጥሊሊ ላይ የመድኃኒት ዶክተር መጣ ተብሎ ሰዉ የተረፈ ኪኒኑን በነጠላ ጫፍ ቋጥሮ ይጣል ይዋጥ ንገረን እያለ የተሰለፈብህን ቀን ስትነግረኝ እንባዬ እስኪመጣ ስቄ ነበር። ረዳት፣ ተባባሪ እያሉ ፕሮፌሰር እስኪያደርጉህ ጸጉርህ ነጣ። ጎረቤቱ ታዲያ ምን መድኃኒት አገኘህ ሲልህ፣ «መድኃኒቱማ ሞልቷል፤ የሚውጠው ነው የጠፋው» ትል ነበር።

የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው የሚለውን አባባል ትቀልድበት ነበር፤ ለፋርማሲ መምህር ስድብ ነው እያልህ። በመጨረሻ ያንተም ጥናት እዚያው አደረሰህ። ሰው መድኃኒቱን የሚተወው ጠያቂ ሲያጣ ነው አልህ።

እኔንም ግፊት ከያዘኝ ወዲህ፣ ባሕር ዳር ስታስተምር ትሰነብትና ጠዋት ጠዋት ትደውላለህ። እንዴት አደርሽ የለ፣ ምን የለ፤ መጀመሪያ ዋጥሽ ወይ ነው። የእኔ ስልክ እንቢ ያለ ዕለት፣ እሱም ብዙውን ቀን ነው፣ ባለሱቋ ጎረቤታችን ዘሐራ ጋ ትደውላለህ፤ እሷም በአጥር በኩል ትጮኽብኛለች። ተማሪህ መሰልሁህ ወይ እያልሁ እነጫነጭ ነበር። አሁን ያ ስልክ ጠዋት ዝም ይላል። ባትሪውን እየሞላሁ አስቀምጠዋለሁ።

አንተ ከሄድህ በኋላ ፍልሰታ ገባ። ኪኒኔን ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገፋሁት፣ ቀጥሎ ወደ ማታ፣ ከዚያ ጭራሽ ተውሁት። በጾሙ አላሳብብም፤ ጾሙ ተፈትቶም አልዋጥሁም። የሚያመኝም ነገር አልነበረም። አንድ ቀን ግን ልብስ ሳሰጣ ዓይኔ ጨለመና አጥሩን ይዤ ቆምሁ። ብወድቅ ኖሮ እስኪመሽ የሚያየኝ አልነበረም። የፈራሁት ሞቱን አይደለም፤ ማንም ሳያውቅልኝ እዚያ ጭቃ ላይ መዋሌን ነው።

ጤና ጣቢያ ሄድሁ። ግፊቴን ከለኩ በኋላ መድኃኒት ክፍሉ ውስጥ አንዲት ወጣት ባለሙያ ጥናት እየሠራች ነበርና አስቀመጠችኝ። ትናንት መቼ እንደበላሁ፣ ከማን ጋር እንደበላሁ ጠየቀችኝ። ገና አፏን ስትከፍት ያንተ ተማሪ መሆኗን አወቅሁ። ማንነቴን አልነገርኋትም። መድኃኒቴን ለምን እንዳቋረጥሁ ጠይቃ መልሱን ትቆጥርልኝ ጀመር፤ ረስተው ነው፣ ተወዶብዎት ነው፣ ሩቅ ሆኖብዎት ነው፣ በጾም ነው፣ ወይስ ተሽሎዎት? ሁሉንም አይደለም አልኋት። ሌላ ምክንያት ካለኝ እንድነግራት ጠበቀችኝ።

«የሚጠይቀኝ ሰው ሞተብኝ» አልሁ።

ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ስምህን ነገርኋት። ብዕሯን አስቀመጠች። ከውጭ ተራ የሚጠብቀው ሰው በር ሲያንኳኳ መልሳ አነሳችው። ከዚያ እንዳልሁት አድርጋ ጻፈችው።

ስመለስ ዘሐራ ሱቅ ገብቼ የሆነውን አወራኋት። እሷም ባሏን ከቀበረች ቆይታለች። ሰምታኝ ሰምታኝ፣ የስኳር ኪኒኗን እሷም ካቆመች እንደሰነበተች ነገረችኝ። ለእኔ ልትጮኽ ስትወጣ ነበር የራሷ ትዝ የሚላት። ለእኔ ስትደውል ሁለታችንን ነበር ለካ ያኖርኸን፤ ይህን አንተም አላወቅኸው።

አሁን ጠዋት ሱቁ ሳይከፈት እሄዳለሁ። እሷ የስኳሯን፣ እኔ የግፊቴን እንውጣለን። የንስሐ አባቴ በጾምም ፈቅደውልኛል፤ በጾም መድኃኒት እንዲፈቅዱ ቄሶቹን ያን ያህል ዓመት የነዘነዝኻቸው ለካ በከንቱ አልነበረም። ቤት ስመለስ ያው ባዶ ነው። ማውራት የሚያምረኝ ያን ጊዜ ነው፤ ድስት ስጥድ አወራሃለሁ።

አልረሳህም። ውሃውን ባነሳሁ ቁጥር ስምህን እጠራለሁ፤ ዘሐራም አላህ ይማረው ትላለች። ናፍቀኸኛል፤ እጅግ ናፍቀኸኛል። ወደ አንተ ለመምጣት ግን አልቸኩልም፤ ዕድሜህን ሙሉ የለፋኸው ሰው እንዳይቸኩል ነበርና።

ሚስትህ