ኢብሮ፣ ፊልሙ ያላሳየንን ሰዓዳ አሳየችን

ኢብሮዬ፣

አንተ ከሄድክ ሦስተኛው ረመዳን ገባ። የመጀመሪያውን እንዴት እንዳሳለፍኩት አላውቅም። ሁለተኛውን ተናድጄ ጾምኩት። ዘንድሮ ግን ትንሽ ሳይቀለኝ አልቀረም፣ ይኸው ቁጭ ብዬ ልጽፍልህ ቻልኩ። አላህ ቀብርህን ያስፋልህ፣ ኑር ያድርግልህ።

ያለሁት ሰመራ ነው። አዋሽን ለቅቄያለሁ። "ሰመራ ሰው የሚኖርበት ሳይሆን ዳቦ የሚጋገርበት አገር ነው" ትል የነበረው እውነትህን ነው፤ ሐምሌ ላይ ንፋሱ ራሱ ፊት ይለበልባል። ግን ለመድነው። ልጃችን ሐያት ትምህርት ቤት ገብታለች። ቁመቷ ወዳንተ ሄዷል፣ የገዛሁላት ጫማ ሁሉ ወዲያው ይጠባታል። አፋርኛውን ከጓደኞቿ ለምዳ እኔ የማልሰማውን እያወራች ትስቅብኛለች።

አንተ እስከወደቅክበት ድረስ ያለውን ታውቃለህ፤ ከዚያ ወዲህ የሆነውን ግን የነገረህ የለም። ስለዚህ ከመነሻው ጀምሬ ሁሉንም ልንገርህ።

ያን ፊልም በፍላሽ ይዘህ የመጣህ ቀን ደስታህ የልጅ ነበር። አንተ ከትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምረህ ስትመለስ እኔ ሻይ ቤታችንን እየጠረግኩ ነበር። "ዘይነብ፣ ተይው መጥረጊያውን" አልከኝ። "ከድሮ የእንግሊዝ ልቦለድ የተሠራ ነው። መጽሐፉን ዩኒቨርሲቲ እያለሁ አንብቤ አልቅሻለሁ።" ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካኸው። ያን ቀን ሁለታችን ብቻ ነበርን። በሳምንቱ የጎረቤት ሴቶች ሰሙና መጡ፣ ከዚያ እሁድ ከሰዓት የሴቶች ሆነ። ረጅም ስለነበር በየእሁዱ ትንሽ ትንሽ ታሳየን ነበር። የቀረውን ንገረን ብለን ብንለምንህ አትነግረንም።

የፊልሙ ባለታሪክ የፈረስ አሠልጣኝ ልጅ ናት። የባለ ርስቱ አንካሳ ልጅ ይወዳታል። እናቱ አይሆንም ብላ ልጁን ባሕር ማዶ ትሰደዋለች፤ ልጅቷም ፋብሪካ ላለው ሀብታም ትዳራለች። ሀብታሙ ሰውዬ ኮፍያውን አውልቆ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ በእንግሊዝኛ ብዙ ነገር ይናገራል። አንተ ሪሞቱን ይዘህ ታቆመውና "ሆዴ፣ አንጀቴን በላሽው እኮ ነው የሚላት" ትለናለህ። ሴቶቹ በሳቅ ይፈርሳሉ። "ወሎዬው እንግሊዝ" ብለው ስም አወጡለት።

ሰዓዳ አትስቅም ነበር። ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ትቀመጣለች፤ ሻሿን እስከ ቅንድቧ ስባ። ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን ስለሆነች ለምን እንደምትስበው እኔና አንተ እናውቅ ነበር። የባሏ የይማም ቡጢ ግድግዳው ላይ ሲያርፍና እሷ ላይ ሲያርፍ ድምፁ የተለያየ ነው፤ እራት እየበላን መለየት ተምረን ነበር። ብየዳ ቤቱ ድረስ ሄደህ ለምነኸዋል። ሽማግሌም ይዘህ ሄደሃል። "ሚስቴ ናት" ብሎ የብየዳ መነጽሩን ዓይኑ ላይ መለሰው አልከኝ።

ከዚያ ያ እሁድ መጣ። ፊልሙ ላይ ሀብታሙ ባል ተቆጥቶ ይነሳል፣ ልጅቷ ወደ ኋላ ትሸሻለች፣ ሠራተኛዋ ትወጣለች፣ በሩ ይዘጋል። ከዚያ የምናየው የተዘጋውን በር ብቻ ነው። ቀጥሎ ጠዋት ነው፤ ልጅቷ መስኮት አጠገብ ቆማለች። ከጎረቤት ሴቶቹ አንዷ፣ ፋጤ፣ "እንዴ፣ ምን አደረጋት?" ብላ ጠየቀችህ። "እንጃ፣ ፊልሙ አላሳየንም" አልካት።

"እኔ ላሳያችሁ" አለች ሰዓዳ።

ተነሥታ መሐል መጣች። ሻሿን አወለቀች። ጆሮዋ ሥር ያለውን ስፌት አየን። እጅጌዋን ሰበሰበች፤ ክንዷ ላይ በጋለ ብረት የተተኮሰ ቦታ ነበር፣ ቁስሉ ገና ውሃ የሚቋጥር። "በሩ ሲዘጋ እንዲህ ነው የሚያደርጉት" አለች፣ የገበያ ወሬ እንደምታወራ ሰው ረጋ ብላ። ሻይ የጨበጡት እጆች ሁሉ እዚያው ቀሩ። አንተ ቴሌቪዥኑን አጠፋህና ወደ ግድግዳው ዞርክ። ስታለቅስ ያየሁህ ያኔ ነው።

አዋሽ ወሬ አያድርባትም። በሳምንቱ እሁድ ሰዓዳ መምጣቷን ሳይ ደንግጫለሁ፤ ግን አልመለስናትም። "ቤትም ብቀመጥ ያው ነው" አለችኝ። ፊልሙን ከፈትክ። ግብዣ ነበር፤ ሰዎች በሻማ ብርሃን ይጨፍራሉ፣ አንካሳው ልጅ ከባሕር ማዶ ተመልሶ ደፍ ላይ ቆሟል። በዚህ መሐል ይማም ገባ። ከብየዳ ቤቱ የያዘው ፌሮ ብረት በእጁ ነበር።

"ተነሺ" አላት።

አልተነሣችም። ፀጉሯን ይዞ ጎተታት። ጠረጴዛው ተገለበጠ፤ ብርጭቆው ተሰባብሮ እሷም በላዩ ላይ ተጎተተች፣ ጉልበቷ ሥር ወለሉ ቀላ። ሴቶቹ እየጮኹ ወደ ጓሮ ሮጡ። እኔ ሐያትን አንሥቼ ቆምኩ። አንተ ሪሞቱን ወንበር ላይ አስቀመጥክና መሐላቸው ገባህ።

"ይማም፣ ልቀቃት። ፌሮውን አስቀምጥና አብረን እንውጣ።"

"ሚስቴን ገመናዬን እንድታወጣ ያስተማርካት አንተ ነህ።"

"ልቀቃት አልኩህ።"

የመጀመሪያው ትከሻህን አገኘህ። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። አልወደቅክም። እሷን በደህናው እጅህ ወደ ኋላህ ገፋሃት። ሁለተኛው ራስህን አገኘህ። እንደ ጆንያ ነው የወደቅከው ኢብሮ፣ እጅህን እንኳ አላስቀደምክም። ይማም ግን አልበቃውም፤ ከወደቅክም በኋላ አንዴ ደገመህ። ደምህ በብርጭቆው መሐል እየተጠማዘዘ እስከ ባንኮኒው ሄደ። ቴሌቪዥኑ አልቆመም። እንግሊዞቹ እየጨፈሩ ነበር። የሚሉትን የሚነግረን ሰው አልነበረም።

ጩኸቱን ሰምተው አስፋልት ዳር ተሳቢያቸውን ያቆሙ ሹፌሮች ገቡ። ፌሮውን አስጥለው ይማምን ወደ ውጭ ጎተቱት። ድንጋይ ተነሣ፣ እርግጫ ወረደበት። እኔ ሐያትን ለፋጤ ሰጠሁ። ፌሮውን አነሣሁት፤ ያንተ ደም ነበረበት፣ ያንሸራትት ነበር። ወጣሁና ሰዉ መሐል ገብቼ መታሁት። ክንዱን ነበር። ሲሰበር እጄ ድረስ ተሰማኝ። አሁንም አልጸጸትበትም፤ አላህ ይፍረደኝ። ሁለተኛ ላነሣ ስል አንድ ሰው እጄን ያዘ። ሰዓዳ ነበረች፤ ጉልበቷ እየደማ። አዝናለት መስሎኝ ነበር።

"ኢብራሂም ይተነፍሳል" አለችኝ። "ነይ።"

ፖሊስ ይማምን ከሰው እጅ ነጥቆ ወሰደው። ጤና ጣቢያው አንተን አልችልም አለ፤ አንድ ሹፌር በፒክአፕ ወደ አዳማ ይዞን ወጣ። ከኋላ ነበርን፤ ራስህ ጭኔ ላይ፣ እግርህ ሰዓዳ ጭን ላይ። ሻሿን ጭንቅላትህ ላይ ጠምጥማው ነበር። መተሐራን አለፍን። በሰቃ ሐይቅ ዳር ስንደርስ፣ በቀሚሴ ሰርጎ እግሬን ያሞቀኝ የነበረው ደም ቀዘቀዘብኝ። ያወቅኩት በዚያ ነው። ሹፌሩን "ቀስ በል" አልኩት። ሌላ የምለው አላገኘሁም።

ከቀብርህ በኋላ የይማም ዘመዶች ሽማግሌ ይዘው መጡ። "ደም በደም አይጠራም፤ ፍርድ ቤቱን ተይና እርቅ አውርጂ" አሉኝ። እርቅ እወዳለሁ፤ የወሎ ልጅ ነኝ። ግን አንዳቸውም የሰዓዳን ስም አላነሡም፣ እሷ በታሪኩ ውስጥ የሌለች ይመስል። "እሷን ይቅርታ ጠይቃችኋታል?" አልኳቸው። ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ። እኔም አልታረቅኩም። በሳምንቱ ጠራራ ፀሐይ ላይ ወንድሞቹ መጥተው ሻይ ቤቱን ሰባበሩት። ከዚያ ጋዝ አርከፍክፈው ለኮሱት። እኔና ሐያት በጓሮ አጥር ሾልከን ወጣን። ፖሊስ ሁለቱን ያዘ። ከእቃችን አንድ ድስትና ያንተ ጥቁር ጫማ ተረፈ።

ሰዓዳን ወንድሟ ባቲ ወስዷት ነበር። አፏን እንድትዘጋ አስጠንቅቋት ነበርና በችሎቱ ቀን ትመጣለች ብዬ አልጠበቅኩም። ያየው ሁሉ ፈርቶ "እኔ ወደ ጓሮ ሮጫለሁ፣ አላየሁም" ይላል። የይማም ጠበቃ አንተ ቀድመህ እንደመታኸው አድርጎ ሲናገር ጥርሴን ነክሼ እሰማለሁ። ያኔ የችሎቱ በር ተከፍቶ ሰዓዳ ገባች። ሽንኩርት በጫነ አይሱዙ ተሳፍራ ነው የመጣችው። አንድ ዓይኗ አብጦ ተዘግቷል፤ ወንድሟ እንዳትሄድ መትቷት ነው።

ምስክር ቦታው ላይ ቆማ ይማምን በአንድ ዓይኗ አየችው። "እኔን ሊገድል መጣ፤ ኢብራሂም መሐል ቆመ፤ እሱን ገደለው" አለች። ጠበቃው አዋክቦ አዋክቦ ጠየቃት፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ይማም ክንዱ በጄሶ ነበር። ጠበቃው ወደ እኔ ዞረና "ይህንንስ ማን ሰበረው?" አለ። "እኔ ነኝ" አልኩ። ዳኛው ብዕራቸውን አስቀምጠው ትኩር ብለው አዩኝ። በዚያ ተከስሼ ተፈርዶብኛል፤ ቅጣቱ በገደብ ሆኖልኝ ወጣሁ። ለይማም ዕድሜ ልክ ሰጡት። ሰዓዳ አላለቀሰችም፤ ግቢው ውስጥ ካለችው ግራር ሥር ሄዳ አስታወከች፣ አፏን በውሃ አጠበችና "አሁን ወዴት ነው የምንሄደው?" አለችኝ። "የምንሄደው" ነው ያለችው። እኔም ሌላ ነገር አልጠየቅኳትም።

እንዲህ ነው ሰመራ የደረስነው። ዩኒቨርሲቲው በር አጠገብ ቁርስ ቤት ከፍተናል፤ ፉልና እንቁላል ፍርፍር፣ ሻይ። ሰዓዳ ፉሉ ላይ እጇ ሙያ አለው። የፊልሙን መጨረሻ እስከ ዛሬ አላየነውም። ተማሪዎቹ ሊጭኑልን ይችላሉ፤ አንጠይቃቸውም። ከማን አፍ እንሰማዋለን?

ለረጅም ጊዜ ተናድጄብህ እንደነበር ላንተ አልደብቅም። ሐያትን አቅፌ ቆሜ እያየኸኝ ለምን ገባህ እያልኩ፣ ሰግጄ ስጨርስ እንኳ ከአላህ ይልቅ ካንተ ጋር ነበር የምሟገተው። አሁን ግን አንድ ነገር ሆነ።

ባለፈው ወር፣ ረፋድ ላይ፣ አንድ ባጃጅ በራችን ላይ ቆመ። አንድ ሰው ሚስቱን ከውስጥ ጎትቶ አወጣና በጥፊ አጮላት። ወደቀች። በእግሩ ሊደግማት ሲነሣ ቁርስ የሚበላው ሰው ሁሉ ማንኪያውን እንደያዘ ቀረ። እኔ የፉል ጭልፋ ይዤ ነበር። እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም ኢብሮ፤ ራሴን ያገኘሁት መሐላቸው ቆሜ ነው። "ይበቃል" አልኩት። "ማን ነሽ አንቺ?" ብሎ ቡጢውን አነሣ። ሰዓዳ መጥታ ከጎኔ ቆመች። ከዚያ ሻይ የምትሸጠው አፋሯ ጎረቤታችን መጣች፣ ከዚያ ሁለት ተማሪዎች። ቡጢው አየር ላይ ትንሽ ቆየና ወረደ። እየተሳደበ ሄደ። ሴትዮዋን አስገብተን ፊቷን አጠብንላት።

አንተ አስበህ እንዳልገባህ ያን ጊዜ ገባኝ። እግርህ ነው የቀደመህ። ንዴቴ እዚያው በር ላይ ቀረ።

ሐያት ያን ቀን ከትምህርት ቤት ቀድማ ተለቅቃ ስትመለስ ከመንገድ ሆና ሁሉን አይታ ነበር። ማታ ፀጉሯን እየሠራሁላት "እማዬ፣ አልፈራሽም?" አለችኝ።

"ፈርቻለሁ።"

ወደ እኔ ዞራ፣ "አባቴስ ያኔ ፈርቶ ነበር?" አለች።

ጀግና ነበር፣ ፍርሃት አያውቅም ልላት ቃጣኝ። ሰው ለሙት ልጅ እንዲያ ነው የሚለው። እኔ ግን አይቼሃለሁ። ይማም ፊት ስትቆም ሸሚዝህ ጀርባህ ላይ ተጣብቆ ነበር፤ እጅህ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ድምፅህም ቀጥኖ ነበር። ሞት እንደመጣ አውቀህ ነበር።

"ፈርቶ ነበር" አልኳት። "በጣም ፈርቶ ነበር። ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።"

ኢብሮዬ፣ ሰዉ ስምህን ሲያነሣ አወዳደቅህን ነው የሚያወራው። እኔ በሕይወት እስካለሁ የማልረሳው ያን የሚንቀጠቀጥ እጅህን ነው። ልጅህም አትረሳውም፤ ነግሬያታለሁ።

ያንተው ዘይነብ
ሰመራ