ዘአማኑኤልና ቅርጽ የለሹ ጭራ

ለምወድዎ አባቴ ለአቶ ቀናው፣
ድሬዳዋ

አባዬ፣ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? የድሬ ሙቀት ለቀቅ አደረገዎት ወይስ እንደበረታ ነው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን፤ ናፍቆትዎን ብቻ ነው ያልቻልነው።

ለገና ሲመጡ ዘአማኑኤልን ይዘውት እንደሚመለሱ እማዬ ነገረችኝ። «ይህ ልጅ ቅርጽ የለውም፣ አንድ ቦታ አይረጋም» ብለዋል አሉ። እውነት ነው፣ ወንድሜ ዛሬ የታክሲ ረዳት ነው፣ ነገ ሰው ቤት በር ሲጠግን ይገኛል። በስልክ አፌ ስለሚተሳሰርብኝ ነው የምጽፍልዎት። እስቲ መጀመሪያ ስለ ትምህርቴ ልንገርዎትና አይሳቁብኝ።

የእንስሳ ሕዋስ ለሁለት ከመከፈሉ በፊት የዲኤንኤውን ሙሉ ቅጂ ማውጣት አለበት። ያ ሥራ እንዲጀመር ፕሮቲኖች ዲኤንኤው ላይ ተሰብስበው ገመዱን የሚፈታውን መሣሪያ ይጭናሉ። እነዚህ ፕሮቲኖች በወጉ የተጣጠፈ አካል አላቸው፤ ከዚያ ደግሞ ቅርጽ የሌለው፣ ዝም ብሎ የሚወዛወዝ ጭራ አለ። እኔ ብልጧ የዝንብ ፕሮቲን ይዤ ስሠራ ጭራው ትርፍ መስሎኝ ቆርጬ ጣልኩት። ወይ ጉድ! የቀረው ሲያዩት ያምራል፤ መሣሪያው ግን ዲኤንኤው ላይ አልጫን አለ። ክረምቱን ሙሉ ሳለቅስ ከረምኩ። አማካሪዬ ዶክተር ኢፍቱ ጭራውን መልሺና እዪው አሉኝ። መለስኩት። በማይክሮስኮፕ ሳየው ፕሮቲኖቹ መረቅ ላይ እንዳለ ዘይት ጠብታ ጠብታ ሆነው ተሰባስበዋል፤ መሣሪያውም ተጫነ። ለካ ሰብሳቢው ያ የናቅኩት ነው!

አሁን ወደ ሰፈራችን ልምጣ። ጎረቤታችን ባለ ሱቋ ሐጀራ በቀደም እናቷ በድንገት አረፉባት። ኮንዶሚኒየሙን ያውቁታል፣ በር ዘግቶ መኖር ነው፤ ብሎካችን ዕድር እንኳ አልነበረውም። እኛ የተማርነው ደረጃው ላይ ቆመን ስንተያይ ዘአማኑኤል ወጣ። ከድሮ ሰፈራችን ከአቃቂ ዕድር ድንኳን ተውሶ፣ ሚኒባስ ለምኖ፣ በየፎቁ በር እያንኳኳ ወንበርና ማንቆርቆሪያ አስወጣ። ሳይረፍድ ድንኳኑ ቆመ፤ ሴትየዋም በወጉ ተቀበሩ። እሁድ ጎረቤቱ ሁሉ እዚያው ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ዕድር መሠረተ። ሊቀመንበርም ገንዘብ ያዥም ተመረጠ። ለወንድሜ ጥሩምባውን ሰጡት፣ ሰው የሚጠራው እሱ ነዋ። እንዴት እንደኮራሁበት!

አባዬ፣ እኔ አንዴ ቆርጬ አይቻለሁ። እርስዎ አይቁረጡብን። ለገና ሲመጡ አንድ እሁድ ዕድሩ ላይ ይቀመጡና በዓይንዎ ይዩት፤ ከዚያ የፈቀዱትን ያድርጉ።

አከራይዎን እትዬ ዳሲቱን ጉንጫቸውን ይሳሙልኝ ብላለች እማዬ። የሥራ ባልደረባዎን ጋሽ ገዳንም ሰላም በሉልን። ዘአማኑኤል መጻፌን አያውቅም። አባዬ ካለ እሄዳለሁ ብሎ ሻንጣውን አውጥቶ በር ሥር አቁሞት ነበር። ትናንት ሐጀራ መጣችና አየችው። አንስታ መልሳ አልጋ ሥር ከተተችው።

ልጅዎ ሮዳስ
ኮዬ ፈጬ፣ አቃቂ ቃሊቲ
ኅዳር 2018 ዓ.ም.