በሚዛን ክፍሉ ሰሌዳ ላይ የአባቴ ስም ስለተሸፈነበት ቀለም

ቀን፦ ጁን 12 ቀን 2023
ብራንድሆርስት

ለሰሜን አውራጃ የፈረስ ውድድር ተቆጣጣሪ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ጉዳዩ፦ የ1953ቱ የታላቁ የበጋ ሽልማት አሸናፊ ጋላቢ ስም እንዲጣራልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች ጌርሊንደ ሃርምስ በዚህ ከተማ የፈረስ ጋጣዎች ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቼ በጡረታ የተገለልኩ ነኝ። አባቴ ሂንሪክ ሃርምስ ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው። ታላቁ የበጋ ሽልማት ከ1874 ጀምሮ፣ ከጦርነቱ ዓመታት በቀር፣ ሳይቋረጥ የተካሄደ ውድድር ነው። የሚሮጡት የሦስት ዓመት ፈረሶች ብቻ ስለሆኑ አንድ ፈረስ በዕድሜው ሁለተኛ ዕድል የለውም። የአሸናፊዎቹ ጋላቢዎች ስም፣ ጋላቢዎች ከነኮርቻቸው በሚመዘኑበት በሚዛን ክፍሉ ሰሌዳ ላይ በወርቃማ ቀለም ይጻፋል። በከተማችን ወረፋ ጥሶ የማይወቀስ ሰው ቢኖር ስሙ እዚያ ላይ ያለ ብቻ ነው።

2. በ1953 ዛልቬ የተባለውን ፈረስ እንዲጋልብ የተመዘገበው ቪልበርት ፎስኩል ነበር። በውድድሩ ዕለት ጠዋት የእጁ አንጓ ወለቀ። የጋጣ ሠራተኛ የነበሩት አባቴ ኮርቻውን ታቅፈው ሚዛን ላይ ወጡ፤ ጋለቡ፤ በአንድ የፈረስ አንገት ርዝመት ቀድመው አሸነፉ። የውድድሩ ፕሮግራም ግን የታተመው ቀደም ብሎ ሐሙስ ስለነበር የፎስኩል ስም እንዳለ ቀረ። ሰሌዳው ለሰባ ዓመት «ሂንሪክ ሃርምስ» ሲል ኖሮ ዘንድሮ በፀደይ በአዲስ ቀለም ሲታደስ «ቪልበርት ፎስኩል» አለ። ውድድሩን የሚያዘጋጀው የፈረስ ክበብ ሊቀ መንበር አቶ ዲርክ ፎስኩል የቪልበርት የልጅ ልጅ ናቸው። በዚህ ላይ አስተያየት አልሰጥም።

3. ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ሊቀ መንበሩን ቢሯቸው ሄጄ ጠየቅኋቸው። «ወይዘሮ ሃርምስ፣ የታተመው የአያቴ ስም ነው፤ እኔ ምን ላድርግዎት?» አሉኝ። የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ ሆነብኝ። ጋላቢ ሁሉ ከውድድሩ በፊትና በኋላ ተመዝኖ የሚፈርምበት የሚዛን መዝገብ እንዲወጣ ጠየቅሁ። ምድር ቤቱ ውሃ ገብቶበት የ1953ቱ ተበላሽቷል ተባልኩ። የ1952ና የ1954 መዛግብት ግን መደርደሪያው ላይ ደርቀው ተቀምጠዋል፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ውሃ መርጦ ሲያርስ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

4. ለእውነት ያህል፣ ሰሌዳውን ያደሰችው ሠዓሊ የተሰጣት የድሮ ፕሮግራሞች ብቻ እንደነበሩ ነግራኛለች። እኛ የዚህ አገር ሰዎች ከዓይናችን ይልቅ የታተመ ወረቀት እናምናለን፤ ሊቀ መንበሩም በቅን ልቦና ተሳስተው ሊሆን ይችላል። እስኪጣራ ድረስ ግን ለማመን ይቸግረኛል።

5. በአፕሪል አባቴን ወስጄ ሰሌዳውን አሳየኋቸው። ቆባቸውን አውልቀው ብዙ ቆሙ። ማታ የድንች ሾርባችንን እየበላን፣ «ጌርሊንደ፣ ምናልባት በሐሳቤ እንጂ በእውን አልጋለብኩት ይሆን?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ወዳጆቻቸው ያንን ውድድር እንዲያወሩላቸው ሲጠይቋቸው «ቪልበርትን ጠይቁት» ይላሉ። ቪልበርት ከሞተ ሠላሳ ዓመት አልፎታል።

በማግስቱ የአባቴን መሳቢያ ከፍቼ ፎቶግራፍም ይሁን ደብዳቤ ስፈልግ እሳቸው ደረሱብኝ። ለክበቡ የማቀርበው ማስረጃ እየፈለግሁ እንደሆነ ነገርኳቸው። «አላገኘሽም አይደል?» ብለው ወጡ። እውነቱን ለጽሕፈት ቤቱ መደበቅ አልፈልግም፤ ያን ዕለት ማስረጃውን የፈለግሁት ለራሴም ነበር።

6. ስለዚህ የ1953 መስመር አዲሱ ቀለም፣ ከጁን 25ቱ ውድድር በፊት፣ የጽሕፈት ቤቱ ተወካይና አባቴ ባሉበት እንዲፋቅልኝ በትሕትና አመለክታለሁ። የአባቴ ስም ከሥሩ ከወጣ ክበቡ ይቅርታ እንዲጠይቃቸው አላመለክትም። ቀድሜ ይቅርታ የምጠይቃቸው እኔ ነኝ፤ እሳቸውም ይህን ያውቃሉ።

ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር
ጌርሊንደ ሃርምስ
(ፊርማ)