ማንቆርቆሪያው ባቡር

ለባቡር ገልባጩ ጓደኛዬ፣

አባዬ ይህን ሁሉ መንገድ ያመጣኝ ለካ ጓደኞቹን ሊያሳየኝ ነው። የምንጫወተውን የባቡር ጌም ለዓመታት በትርፍ ጊዜያቸው በነፃ የሠሩት እነሱ ናቸው። አንድ አዳራሽ ሲገናኙ ጩኸታቸው ከእኛ ክፍል ይብሳል፤ ልዩነቱ ራሰ በራነታቸው ብቻ ነው።

ዛሬ ያ የምንስቅበት የጌሙ ባቡር ፉጨት በእውነተኛ የባቡር ድምፅ ይቀየር ተባለ። ደንባቸው ግን የሰው ሥራ ሳያስፈቅዱ አይነካም ይላል። ፉጨቱን የሠሩት፣ «ጣቢያ ሹም» የሚሏቸው ሰውዬ፣ አምና አርፈዋል። ስለዚህ ሚስታቸውን ጋብዘው ጠየቁ።

«እስቲ መጀመሪያ አሰሙኝ» አሉ ሴትዮዋ። ሲሰሙት ሳቁ። «ይሄማ ሲፈላ የሚያፏጨው ማንቆርቆሪያችን ነው! ‹ዝም በይ፣ እየቀረፅኩ ነው› ሲለኝ ትንፋሼን ይዤ ቆምኩለት።» ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ቀይሩት ልጆቼ። ብቻ አንዴ ድገሙልኝ።»

ደገሙላቸው። ስለ አንዲት የባቡር መብራት ወር ሙሉ የሚጨቃጨቁት ሽማግሌዎች በአንድነት ወደ ድምፅ ማጉያው ጠጋ አሉ። አባዬ ንጹሕ መነጽሩን ይወለውል ጀመር። «ይቀየር» ባዩ የጥርስ ሐኪም ራሳቸው «በቃ፣ ይቆይ» አሉ።

ፖስትካርዱ ላይ ቦታ ስላለቀብኝ ቤተሰቡን በሙሉ በአንድ ትንፋሽ ሳምልኝ። ስትጫወት ግን ፉጨቱን መዝጋት ተው። ሴትዮዋ ዝም ብለው የቆሙት እንድንሰማው ነው።