ካርባይዷ፣ መሮው እና የጂቱ እጅ

ሰኞ፣ ጥር 13

ጀሶው ከእጄ ከወለቀ ሳምንቱ። ዛሬ የእንጨት መቅረጫ ቶርኖዬ ፊት ቆምኩ። ዋንዛ አሰርኩ፣ ሞተሩን አስነሳሁ፣ መሮዬን ያዝኩ... እጄ አልዞር አለ። ጌዶ እንጨት ልገዛ ሄጄ ከባጃጅ ስወድቅ የተሰበረው አንጓ ድኗል፤ መዞር ግን ረስቷል። ጎድጓዳ መሮ ደግሞ እጅ ካላዞሩለት አይቆርጥም። ነከሰና ዋንዛውን አሽቀንጥሮ ከግድግዳው አላተመው።

ሚስቴ ጂቱ ሮጣ መጣች። መጀመሪያ እጄን አየች፣ ቀጥሎ ዋንዛውን። "ባኮ ያለው ወንድሜ ወፍጮ ቤቱን የሚይዝለት ሰው ይፈልጋል" አለች፣ ቀስ ብላ። ለክፋት አይደለም። ግን ዕድሜዬን ሙሉ ቆሪ፣ የእንጨት የገንፎ ሳህን፣ ስሠራ ኖሬ፣ አሁን ከአምቦ ወጥቼ የሰው በቆሎ ልፈጭ?

ሐሙስ፣ ጥር 16

ደግፌ መጣ፣ የብረት ቶርኖ ቤት ያለው ጓደኛዬ። አንድ ዘንግ ይዟል። ጫፉ ላይ ጥፍር የምታህል ካርባይድ፣ ጠንካራ የብረት ስለት፣ በብሎን ታስራለች።

"ይቺ ብረት ትበላለች፤ ለዋንዛ ታንሳለች? እጅ ማዞር የለም። ቀጥ አድርገህ መግፋት ብቻ።"

"ይሄ መፋቅ እንጂ መቁረጥ አይደለም" አልኩት። የኔ መሮ ከአይሱዙ ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ነው፤ እንጨት እንደ ቅቤ ይልጣል።

"ኩራት እራት አይሆንም፣ ፈዬራ" ብሎኝ ዘንጉን ትቶ ሄደ።

ዓርብ፣ ጥር 17

ዋሽቼ ምን ላድርግ? ትገርማለች። ገፋሁ፣ በላች። ደግሜ ገፋሁ... እጄም አላመመኝ። በመሮ ቢሆን መሳያ ድንጋዩ ጋ ስመላለስ እውል ነበር። እሷ ስትደክም ብሎኗን ፈታ አድርጎ ወደ ሌላው ጥግ ማዞር ነው፤ በቃ።

እህቴ ለንሳ ልትወልድ ተቃርባለች። በሸነኗ፣ በወለደች በአምስተኛው ቀን፣ ሴቶቹ ገንፎ የሚበሉበት ቆሪ ከኔ ነው። ቅርጹ ከምሳ በፊት አለቀ። ውስጡ ትንሽ ጸጉር አወጣ። በብርጭቆ ወረቀት አሸት አሸት አደረግሁት፣ ቅቤ ቀባሁት፣ አብለጨለጨ። ማን ያውቃል?

ቅዳሜ፣ ጥር 25

አወቁ።

ለንሳ ወልዳ ዛሬ ሸነኗ ነበር። አዴ ጉዴ፣ የለንሳ አማት፣ ቆሪውን ቅቤ ቀቡት። ትኩሱን ገንፎ ጨመሩ። እንደ ደንቡ ድቡልቡል እንዲሆን ቆሪውን ወዘወዙ... ገንፎው አልተንከባለለም። ውስጡ ላይ ተለጠፈ። ደግመው ሲወዘውዙ ለሁለት ተከፈለ። ሴቶቹ ሳቁ።

"ፈዬራ፣ ገንፎአችንን ያዝክብን እኮ" አሉኝ አዴ ጉዴ።

ከጎረቤት ቆሪ አስመጡ። ቆሪ ሠሪው ወንድሟ በር ላይ ቆሞ፣ ለለንሳ ሸነን የውሰት ቆሪ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሰኞ፣ ጥር 27

ካርባይዷ አላጠፋችም። እኔ ነኝ ያለ ሥራዋ ያስገባኋት። የእንጨቱን ሆድ ለማውጣት እሷን የሚያህል የለም፤ ውስጡን ማለስለስ ግን የመሮ ሥራ ነው። እሷ የእንጨቱን ክር ትነቅላለች፣ መሮ ይቆርጠዋል። መሮ ደግሞ እጅ ይፈልጋል።

ይህን ለጂቱ ነገርኳት። አንጓዋን አዞር አዞር አደረገች።

"የኔ እጅ ይዞራል" አለች።

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። "አሳየኝ፣ ማሎ፣ እባክህ።"

ዓርብ፣ የካቲት 1

መሮው ነከሰባት። አንድ ቆሪ ተሰነጠቀ። የደነገጥኩት እኔ ነኝ። እሷ ሌላ ዋንዛ አንስታ መጣች።

ሐሙስ፣ የካቲት 21

ዛሬ ድምፁን ሰማሁት። መሮ ሲስት ይጮኻል፤ ሲገባለት ሹክ ይላል። ጀርባዬን ሰጥቼ ዘንጌን ስጠርግ ሹክ አለ። ዞርኩ። ልጣጩ ረዝሞ፣ ሳይበጠስ፣ ክንዷ ላይ ይወርዳል። ውስጡን በጣቴ ዳሰስኩት። የብርጭቆ ወረቀት አያሻውም። እኔ እዚህ ለመድረስ ስንት እንጨት ፈጅቻለሁ... ምን ዓይነት ሴት ናት? ይህን ሁሉ ዘመን አብሬያት ስኖር የት ነበርኩ?

"ጋሪዳ?" አለችኝ። ጥሩ ነው?

"ጥሩ ነው" ብቻ አልኳት።

ረቡዕ፣ ሰኔ 12

ዝናብ። ጠዋት እኔ በካርባይዷ ሆዱን አወጣለሁ፣ ከሰዓት ጂቱ በመሮው ትጨርሳለች። እንዲህ ሆኗል ሥራችን።

ከካቺሲ ከተማ የመጡ ሰውዬ በር ላይ ቆመው ጃንጥላቸውን አራገፉ። "ያቺ ቆሪ የምትሠራዋ ሴት ቤት እዚህ ነው?" አሉኝ። እኔን። ስሜ ከራሳቸው በላይ ታፔላው ላይ ተጽፎ... ቆጠቆጠኝ፤ እዚህ ማንም አያነበውም፣ ልጻፈው። ከዚያ ግን ደስ አለኝ፣ ከልቤ።

"ኤዬ ኦቦ፣ እዚህ ነው" አልኳቸው። "ውስጥ ናት። መሮዋን እየሳለች ነው፣ ትንሽ ይጠብቋት።"

ወንበር ሰጠኋቸው።