ሌላ ሰው የቆረጠው ጨርቅ

ለምወድሽ እህቴ፣ ለእትዬ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደረጃ መውጣቱን ቀነስሽ ወይስ ዛሬም ማንም ሳያይሽ ትሮጪበታለሽ? ጋሼን ሳሉ ለቀቀው? እማማስ ዓይናቸው ተሻላቸው? ልጆቹስ? እኔ፣ ባለቤቴና የስፌት መኪናዬ አለን። ከሦስታችን ብዙ የምትጮኸው መኪናዋ ናት ለማለት ተገድጃለሁ፤ ባለቤቴ ከኋላዬ ቆማ እያነበበች ነው።

ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርሽ ደጋግሜ ጀምሬ ተውኩት። አንቺ ዝም ስትዪ እያለቀስሽ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም መስመሩ አስቸገረኝ ብዬ እዘጋዋለሁ። ወረቀት ላይ ግን ማምለጫ የለኝም።

እንደምታውቂው ካንሰሩ የሽንት ፊኛዬን ከያዘው ሁለት ዓመት አልፎታል። መጀመሪያ ሽንቴ ሲቀላ ቀይ ሥር በልቼ ነው ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ሐኪሜ መሣሪያ አስገብቶ እብጠቱን ፋቀው፤ ተመልሶ መጣ። ደግሞ ፋቀው፤ ከዚያም በየሳምንቱ በቀጭን ቱቦ ፊኛዬ ውስጥ መድኃኒት ሲጨምርልኝ ከረመ። ያም ሆኖ ተመልሶ መጣ። በዚህኛው ጊዜ መነጽሩን አውልቆ፣ ከእንግዲህ መፋቅ እንደማይበቃ፣ ፊኛዬ በሙሉ መውጣት እንዳለበት፣ ሽንቴም ሆዴ ላይ በሚከፈት ቀዳዳ ወደ ከረጢት እንደሚወርድ ነገረኝ። ያን ጊዜ ነው አንቺ ለሌላ ስፔሻሊስት ሳታሳይ እሺ እንዳትል ያልሽኝ፣ እኔም የጮህኩብሽ።

ለምን እንደጮህኩ ይገባሻል ብዬ አስባለሁ፤ መቀስ አያያዝ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። በእኛ ሙያ አንዱ የቆረጠውን ጨርቅ ሌላው አይነካም። ደንበኛ ግማሽ የደረሰ ኮቱን ከአንዱ ሱቅ አውጥቶ ለሌላው ከወሰደ ሰላምታ እንኳ ይቋረጣል። ሐኪሜ ደግሞ ሱሪውን እኔ ዘንድ የሚያሳጥር፣ ኮሪደር ላይ ሲያገኘኝ ትከሻዬን ቸብ አድርጎኝ የሚያልፍ ሰው ነው። ምን ዓይን አለኝና ሥራህን ለሌላ ላሳይብህ እለዋለሁ? ባለቤቴ ሆድህ እኮ ኮት አይደለም አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እኔን ግን ይሉኝታ ሰንጎ ይዞኛል።

በመጨረሻ የአንቺም የእሷም ነገር ሲበዛብኝ ምን የመሰለ ብልሃት ፈጠርኩ መሰለሽ? የሽንት ፊኛ ስፔሻሊስት ዘንድ በድብቅ ሄድኩና፣ ደም ያየሁት ገና በቅርቡ ነው፣ ማንም ሐኪም አላየኝም አልኳቸው። ጠና ያሉ ሴት ናቸው። ጢሜ የሸበተ ሰውዬ ፊታቸው ቁጭ ብዬ እንደ ተማሪ ቀጠፍኩ። እሳቸው አስተኙኝና ካሜራ ያለውን ቱቦ አስገብተው ማየት ጀመሩ። ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ፣ ይህ ፊኛ ከአንድ ጊዜ በላይ ተፍቋል፣ ጠባሳው ይታያል፣ የፋቀውም ሰው እጁ ጥሩ ነው አሉ። እትዬ፣ ሱሪሽን አውልቀሽ ተኝተሽ ውሸትሽ ሲጋለጥ ያለውን ነገር ለጠላትሽም አትመኚው። ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው።

አልተቆጡኝም፤ እንዲያውም ሳቅ አመለጣቸው። ከዚያ ኮስተር ብለው፣ በፊት ከፊኛዬ የተወሰደው ናሙናና የሕክምና መዝገቤ ሳይመጣላቸው የሚሰጡኝ አስተያየት ግምት እንደሚሆን፣ በግምት ደግሞ ፊኛ ይውጣም አይውጣም እንደማይሉ ነገሩኝ። ሂድና ሐኪምህን ጠይቀው አሉኝ። የሸሸሁት ነገር ዞሮ ፊቴ ተደቀነ።

ሐኪሜ በር ላይ ተራዬ ሲደርስ ሌላ ሰው አስቀደምኩ፤ ደግሞ ሌላ አስቀደምኩ። ነርሷ ታዝባኝ ኖሮ እጄን ይዛ አስገባችኝ። አንገቴን ደፍቼ ነገርኩት። አለቀልኝ ብዬ ነበር። እሱ ግን ስልኩን አንስቶ ናሙናዎቹ እንዲወጡ ላቦራቶሪውን አዘዘ፣ ስፔሻሊስቷንም ራሱ ደውሎ አነጋገራቸው። ሲጨርስ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ይህን ውሳኔ ብቻውን መሸከሙ ከብዶት፣ ሌላ ሐኪም ባየልኝ እያለ ሲመኝ ከርሟል። እኔ በእሱ ያለኝን እምነት ስላየ ግን፣ ሌላ ጋ ሂድ ብለው ተስፋ ቆረጠብኝ ብሎ ይደነግጣል ሲል ሰግቶ ሳይነግረኝ ቀረ። እኔ እሱን እንዳላስቀይም፣ እሱ እኔን እንዳያስደነግጥ ስንተዛዘል፣ መሃል ላይ ፊኛዬ ሲጉላላ ከረመ። ተያይተን ሳቅን።

ወደ ውጤቱ ልምጣ። ስፔሻሊስቷ ናሙናዎቹን እንደ አዲስ አስመርምረው፣ ሐኪሜ ያለውን ያንኑ አሉኝ። ካንሰሩ ወደ ውስጥ እየጠለቀ ነው፤ ከፊኛው ግን አልወጣም። አሁን ፊኛው ከወጣ የመዳን ዕድሌ ጥሩ ነው፤ ከዘገየሁ ግን ዋስትና የለም። ከአንጀቴ ሌላ ፊኛ መሥራት አይቻልም ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው፤ እብጠቱ ሽንት መውጫው አጠገብ ስለሆነ ለእኔ እንደማይመክሩት አስረዱኝ።

እውነቱን ልንገርሽ፤ የሄድኩት ይቅርብህ የሚለኝ ሰው ፍለጋ ነበር። ስወጣ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ባለቤቴም ቦርሳዋን ታቅፋ አጠገቤ ተቀመጠች። አውቶቡሱ መጥቶ ጥሎን ሄደ። ፈርቻለሁ፣ እትዬ። ሞቱን ብቻ ሳይሆን ከረጢቱንም ፈርቻለሁ፤ ሰው እየለካሁ ቢፈስብኝስ እላለሁ። ያም ሆኖ፣ ምናልባት ተሳስቶ ይሆን እያልኩ አልጋ ላይ መገላበጤ ቀርቶልኛል። እሺ ብያለሁ። ቀኑ በሚመጣው ወር መጀመሪያ ላይ ነው፤ ቀዶ ጥገናውን ሁለቱም ሐኪሞች አብረው ይሠሩልኛል።

ትናንት ነርሷ ቀዳዳው የሚከፈትበትን ቦታ ሆዴ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አደረገችልኝ። ቁም፣ ተቀመጥ፣ ጎንበስ በል፣ ቀበቶህን የት ነው የምታስረው ስትለኝ ቆየች። ሆድህን ወደ ውስጥ አትሳብ ስትለኝ ሳቄ መጣ፤ እኔ ለደንበኞቼ የምለው እኮ ነው።

ለጋሼ የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ሳሉን በማር አዳንኩት እያለ ሐኪም እንዳያታልል። የእማማን ጉልበት ስሚልኝ፤ በጸሎታቸው እንዳይረሱኝ። ትልቋ ፈተናዋን በርትታ ታጥና። ትንሿን ፌንጣዬን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ መዝለሉን ቀነስ ካላደረገች ቀሚሷን እንደማልጥፍላት ንገሪልኝ። ባለቤቴ ሁላችሁንም ትስማለች።

አንድ ነገር ቀረኝ። ከሆስፒታል ስወጣ የምለብሰውን ሱሪ ዛሬ ቆረጥኩ፤ ለከረጢቱ እንዲመች ሰፋ፣ ወገቡንም ከፍ አድርጌዋለሁ። እግሩን ሰፍቼ ጨርሻለሁ፣ ወገቡን ግን ሆን ብዬ ተውኩት። ሌላ ሰው የቆረጠውን አልነካም እንዳትዪኝ፤ መጥተሽ አንቺ ስፊልኝ።

ታናሽ ወንድምሽ

ከሱቄ፣ ከመኪናዬ አጠገብ
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ወሩ በተጋመሰ ማግስት